ዲፌንሱ ሲያፈስ ቀዳዳውን የት እንፈልግ?

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሰለጥናለሁ። ነጥብ በተቆጠረብን ቁጥር የሚሰማው ጩኸት አንድ ነው፦ «አቦ፣ ያንተ ሰው እኮ ነው!» ብዙ ጊዜ ግን የሚጮህበት ልጅ ጥፋተኛ አይደለም። የቆርቆሮ ጣሪያ ሲያፈስ ውሃው የሚንጠባጠብበትና ቀዳዳው ያለበት ቦታ ይለያያል። ዲፌንስም፣ ማለትም መከላከሉም፣ እንደዚያው ነው። ነጥብ ሲገባባችሁ አንድ ፓስ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እዩ።

ምልክት፦ ጥግ ላይ ያለው ሰው ማንም ሳይነካው ባለ ሦስት ነጥብ ያገባል

ወቀሳው የሚያርፈው ሴንተሩ፣ ማለትም ቀለበቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅሙ ልጅ ላይ ነው። ሰውየውን ትቶ ቀለበቱ ሥር ቆሟላ!

በፈረንጆቹ 2021 በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ ጥሎ ማለፍ የዩታ ጃዝና የክሊፐርስን ስድስተኛ ጨዋታ ሊነጋጋ ሲል ነበር ያየሁት። ጃዝ በ25 ነጥብ ሲመራ ነበር። ክሊፐርስ ደግሞ ኮከቡ ካዋይ ሌናርድ ተጎድቶበታል። እና ምን አደረጉ? ረጃጅሞቹን አስቀምጠው ከሩቅ መወርወር የሚችሉ አምስት ሰዎች አሰለፉ። የጃዙ ሴንተር፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሩዲ ጎቤር፣ ቴራንስ ማን የተባለውን የክሊፐርስ ተጫዋች እንዲይዝ ተመደበ። ቴራንስ 39 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሰባት ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ አገባ። ጃዝ 131 ለ 119 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ።

ብዙ ሰው ጎቤርን ወቀሰ። እኔ አልወቅሰውም። ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ እዩት። ኳስ የያዘው የክሊፐርስ ተጫዋች በመጀመሪያ ከፊቱ ያለውን ጠባቂ በድሪብል ያልፋል። ከዚያ በኋላ ጎቤር ምን ያድርግ? ካልመጣ ሌይአፕ (ቀለበቱ ሥር ደርሶ የሚገባ ቀላል ነጥብ) ነው፤ ከመጣ ጥጉ ባዶ ነው።

ስለዚህ ጥገናው ከፊት ይጀምር። ኳስ የያዘውን የሚጠብቀው ልጅ እጁን መዘርጋት ትቶ እግሩን ያንቀሳቅስ። መሃሉን ዘግቶ ወደ ጎን መስመሩ ይግፋው። ቢታለፍ እንኳ፣ ሴንተሩ ለእርዳታ ሲወጣ ቅርብ ያለው ልጅ ወደ ጥግ ይሩጥ፣ ሌላው የእሱን ቦታ ይሸፍን። ይህ በልምምድ እንጂ በጨዋታ መሃል አይለመድም።

እኛ አንድ ዕድል አለን። ኤንቢኤ ውስጥ ማንንም ሳይጠብቅ ቀለበት ሥር ከሦስት ሰከንድ በላይ የቆመ ተከላካይ ይቀጣል። እኛ በምንጫወትበት በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ ግን ይህ ቅጣት የለም። ረጅም ልጅ ካላችሁ ለጥቂት ደቂቃ ሰው ሳይሆን ቦታ ጠብቁ፣ ሁለት ከፊት ሦስት ከኋላ ሆናችሁ ዞን ያዙ፤ ያ ልጅ ከኋላ መሃል ላይ ይቁም።

ምልክት፦ ሁልጊዜ የሚጠቃው ያው አንድ ልጅ ነው

ምክንያቱ የልጁ ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ተጋጣሚ በስክሪን፣ ማለትም የጠባቂውን መንገድ በሰውነቱ እየዘጋ፣ ጎትቶ ነው የሚያመጣው። በፈረንጆቹ 2016 የኤንቢኤ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ የክሊቭላንዱን ካይሪ ኧርቪንግን ይዞ የነበረው የጎልደን ስቴቱ ክሌይ ቶምፕሰን ነው። የኧርቪንግ ጓደኛ ጄ አር ስሚዝ ስክሪን ሠራና የቶምፕሰን ጓደኛ ስቴፈን ከሪ ኧርቪንግ ላይ ቀረ። 89 እኩል ነበር፤ 53 ሰከንድ ሲቀር ኧርቪንግ በከሪ ላይ ሦስት ነጥብ አገባ። ክሊቭላንድ ዋንጫውን ወሰደ።

መፍትሄው ሰው መቀያየርን እንደ ግዴታ አለመቀበል ነው። ደካማው ልጅ ለአንድ አፍታ ብቅ ብሎ ኳሱን ያዘግይ፣ ከዚያ ወደ ራሱ ሰው ይመለስ። ከኋላ ያለው ደግሞ «ስክሪን በቀኝ!» ብሎ ይጩህ። የእኛ ልጆች ዋና ችግር እዚህ ጋ ነው። ታናሹ ታላቁን ማዘዝ ያፍራል። ከጨዋታ በፊት ፈቃድ ስጡት፤ ታላቁ እየሰማ።

ምልክት፦ አራተኛው ኳርተር ላይ ወደ ኋላ የሚመለስ ይጠፋል

የድሬን ሙቀት እናማርራለን። መጀመሪያ ግን ሾት ስትወረውሩ ስንቱ ሪባውንድ (ስቶ የሚመለስ ኳስ) ፍለጋ እንደሚሮጥ ቁጠሩ። አምስቱም ከሮጡ ችግሩ ድካም አይደለም። ሦስቱ ለሪባውንድ ይቅሩ፣ ሁለቱ ኳሱ ቀለበት ሳይነካ ወደ ኋላ ይመለሱ። ይህንን አድርጋችሁም ካልተመለሱ፣ ያኔ በእርግጥ ደክመዋል። ቀይሯቸውና ውሃ ስጧቸው።