የእጅ ክራችሁ ቢፈታ፣ ቢበጠስ፣ ቀለም ቢለቅ፦ ችግሩና መፍትሄው

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ቱሉ ዲምቱ ያለው ብሎካችን ደረጃው ሁሉ በልጆች ይሞላል። ባለቀለም ክር እየቋጠሩ ለጓደኛ የሚሰጥ የእጅ ክር፣ ማለትም የክር አምባር፣ ይሠራሉ። የተበላሸው ወደ እኔ ይመጣል። ስንቱን እንደፈታሁ፣ ስንቱን እንዳጠብኩ አልቆጠርኩትም። ልጆቹ እጃቸውን ይወቅሳሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእጃቸው አይደለም፣ የክሩ ነው። አቋጣጠሩን ታውቁታላችሁ ብዬ ስለ ክሩ ብቻ ልጻፍ።

ቋጠሮው ያሟልጫል፣ ይፈታል

ክሩ ፖሊስተር ነው፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ክር እንጂ ጥጥ አይደለም። "ሐር ነው" ተብሎ ይሸጣል፣ ያብረቀርቃል፣ ዓይን ይስባል። ለስፌት መኪና ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ቋጠሮ አይዝም። ለማወቅ ጫፉን ቆርጣችሁ በወረንጦ ያዙና ክብሪት አስነኩት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይኮማተርና ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ጠጠር የደረቀ ፍሬ ይሆናል። በባዶ ጣት አትያዙት። የቀለጠው ጣት ላይ ከተጣበቀ ቆዳ ይዞ ነው የሚነሳው። ልጆች ብቻቸውን ፈጽሞ አይሞክሩት።

መፍትሄው ክሩን መቀየር ነው። የጀመራችሁትን ለማዳን አትድከሙ።

ክሩ ፀጉር ያወጣል፣ መሃል ላይ ይበጠሳል

ጥጡ አጭር ቃጫ ነው፣ ወይም በደንብ አልተፈተለም። ጥሩ የጥልፍ ክር 6 ቀጫጭን ዘለላ አለው። ዘለላዎቹ ሳይወሳሰቡ አንድ በአንድ ይሳባሉ። መለያው ላይ "መርሰራይዝድ" የሚል ካለ፣ ጥጡ ኮስቲክ ሶዳ በሚባል ኃይለኛ ኬሚካል ታክሟል ማለት ነው። ዘዴውን ያገኘው ጆን መርሰር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ በ1844 እ.ኤ.አ.። እንዲህ የታከመ ጥጥ ይጠነክራል፣ ያበራል፣ ቀለምም በደንብ ይጠጣል።

ከ1746 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የፈረንሳዩ ክር አምራች ዲኤምሲ በብዙ አገር መለኪያ ሆኗል። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ቀለም ቁጥር አለው፣ ለምሳሌ 310 ጥቁር ነው። ቀለም መሃል ላይ ቢያልቅባችሁ በቁጥሩ ያንኑ ታገኛላችሁ። ግን ወረቀቱን ብቻ አትመኑ፣ ተመሳስሎ የሚታተም አለ። አንድ ስንዝር ያህል በሁለት ጥፍር መሃል አሥር ጊዜ አመላልሱት። ካበጠ፣ ከተበተነ፣ አትግዙት።

አምባሩ ይጠማዘዛል

ይሄ የክሩ ጥፋት አይደለም። ቋጠሮው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ከልክ በላይ ጠብቋል። አርጥባችሁ ከከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት።

አንዱ ጎን ይወፍራል

የተለያየ ፋብሪካ ክር ቀላቅላችኋል። አትቀላቅሉ።

ቀለም ይለቃል

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ከአሥር ጥያቄ ሰባቱ ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንድ ዓመት የብሎካችን ልጅ ለስድስት ጓደኞቿ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሠራች። የከተራ ዕለት ማታ ጨረሰችው። በማግስቱ ጥምቀት ነው፣ ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ጠበሉ ተረጨ። ቀዩ ወርዶ የቀሚሷን እጅጌ ነካው፣ ቢጫውም ብርቱካን መሰለ። እያለቀሰች መጣች፦ "እትዬ፣ ደም መሰለ እኮ!" ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ ስላለቀለቅነው ቀሚሱ ተረፈ። ቢጫው ግን አልተመለሰም። ስድስቱም አምባር ተጣለ። የአንድ ሳምንት የልጅ ድካም ነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሌላ ጊዜ ራሴ ከመርካቶ ሃያ ጥቅል ገዛሁ። ሻጩ "አይለቅም፣ እኔን!" ብሎ ማለልኝ። ቀዩን ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። ውሃው የቀይ ሥር ውሃ መሰለ። ሦስት ጊዜ ብቀይርም ያው ነው። ለልጆች የሚሆን ዕቃ ላይ እንዲህ መዋሸት ነውር ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጥሩ ማቅለሚያ ከጥጡ ቃጫ ጋር ይዋሃዳል። ርካሹ ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ወይም ትርፉ ፋብሪካው ውስጥ ታጥቦ አልወጣም። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ብዙ ቀለም ስለሚጠጡ እነሱ ይብሳሉ።

ስለዚህ ከመቋጠራችሁ በፊት ነጭ ሶፍት በለብ ያለ ውሃ አርጥቡ፣ ክሩን ጠቅልሉበት፣ አንድ ደቂቃ ጭብጥ አድርጋችሁ ያዙ። ሶፍቱ ነጭ ሆኖ ከወጣ ሥሩበት። ሮዝ ካለ እጠቡት። ጥቅሉን ሳትፈቱ ሁለት ቦታ በነጭ ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ አለዚያ ይወሳሰባል። እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃና ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። ውሃው እስኪጠራ ቀይሩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ብክነት ይመስላል፤ አጣቢውን ለደረጃ መወልወያ አስቀምጡት። ጥላ ላይ ይድረቅ። ስድስተኛው ውሃ አሁንም ከቀላ ያ ክር ከነጭ ጋር አይሠራም። ቀይ በቀይ ብቻ ሥሩበት፣ ነጭ ስትለብሱም አታድርጉት።

"ኮምጣጤና ጨው ጨምሩበት" የሚል ምክር አለ። ኮምጣጤ ለሱፍ ቀለም ነው የሚረዳው፣ ጥጥ ላይ ቀለሙን አያስርላችሁም። አትቀቅሉትም፣ ሙቀቱ ይብስ ያስለቅቀዋል።

ልብስ ከነካ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። አትተኩሱት፣ ካውያ ያትመዋል። አምባሩ ላይ በረኪና አታፍስሱ፤ ደህናውንም ቀለም ያነጣል፣ ጥጡንም ይበላል።

ስትገዙ መጀመሪያ አንድ ጥቅል ብቻ ውሰዱ፣ ፈትኑት፣ ከዚያ ደርዘኑን ግዙ። ቀለሙን ከሱቁ አምፖል ሥር ሳይሆን ደጅ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ለበዓል ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ግዙ፤ ታጥቦ የሚደርቅበት ቀን ያስፈልገዋል።