መድኃኒትን አስረድቶ እንዴት መስጠት ይቻላል? ጅማ ባንኮኒ ላይ የተማርኩት

ጅማ ውስጥ ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙ መንገድ የለም። መደርደሪያችን ላይ ያለው መድኃኒት ተመሳሳይ ነው፣ ዋጋውም ብዙ አይራራቅም። ሰው ተመልሶ የሚመጣው በደንብ ያስረዳው ባለሙያ ዘንድ ነው። ብዙ ባለቤቶች አሁንም ማስረዳትን ወረፋ የሚያበዛ ነገር አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን የፋርማሲ ሥራ ራሱ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የጻፍኩት ባንኮኒ ላይ አዲስ ለሚቆሙ ነው። መድኃኒት የሚገዛም ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያገኝበታል።

መጀመሪያ ማዘዣውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፣ ከዚያ መድኃኒቱ የማን እንደሆነ ይጠይቁ። ወረቀቱን የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ታማሚው አይደለም። በተለይ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ በጅማ ዙሪያ ካሉት ከሰቃ ወይም ከዴዶ የመጣ ሰው የጎረቤቱንም ማዘዣ ይዞ ይመጣል። ዕድሜ፣ ለሕፃን ከሆነ ኪሎ፣ እርግዝና ወይም ማጥባት፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ሌላ እየወሰደ ያለው፤ ይኸው ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጽሑፉ ካልተነበበ ለሐኪሙ ይደውሉ እንጂ አይገምቱ። ያለ ማዘዣ "አሞክሳሲሊን ስጠኝ" የሚል ሰው ሲመጣ አይስጡ። ጉንፋን በቫይረስ ስለሚመጣ ባክቴሪያን የሚገድለው አሞክሳሲሊን እንደማያድነው፣ ያለቦታው በተወሰደ ቁጥር ደግሞ ጀርሞቹ መድኃኒቱን እየለመዱት እንደሚሄዱ በትዕግሥት ይንገሩት። አንዳንዱ ተቆጥቶ ወደ ጎረቤት ፋርማሲ ይሄዳል። ያ ሽያጭ ይቅር።

ቀጥሎ መድኃኒቱን ማውጣትና መቁጠር ነው። የሚሊግራም መጠኑን ሁለት ጊዜ ይዩ፣ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውን ከፊት ያውጡ፣ ኪኒን በእጅ አይቁጠሩ።

አሁን ከባዱ ደረጃ መጣ፤ ፓኬቱ ላይ የሚጻፈው ነገር። አብዛኞቻችን "1×3" ብለን ጽፈን እንሰጣለን። አንድ አንድ በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ ይህ ግን የእኛ የባለሙያዎቹ ምልክት ነው፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ መዋጥ ነው ብሎ የተረዳ ሰው አጋጥሞኛል። እኔም ከዚያ የተሻለ ጻፍኩ ብዬ "በየ8 ሰዓቱ አንድ" ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን የጥርስ እብጠት የያዛቸው አባት 21 ፍሬ አሞክሳሲሊን ወስደው ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ጉንጫቸው እንዳበጠ ተመለሱ። ፓኬቱን ተቀብዬ ስቆጥር 16 ፍሬ አለ።

"አባባ፣ ለምን ቀረ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ በ8 ሰዓት አላልክም? በየቀኑ 8 ሰዓት ሲል አንድ አንድ ዋጥኩ እኮ።"

እሳቸው አልተሳሳቱም። ከምሳ በኋላ ያለችውን 8 ሰዓት ጠብቀው በታማኝነት ውጠዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰዓት ቆጥሬ ሰጠኋቸው እንጂ መቼ መቼ እንደሚወስዱ አልነገርኳቸውም። ያን ቀን ወደ ጥርስ ሐኪሙ መልሼ ላክኋቸው፤ ያበጠው ጉንጫቸው እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ዘርዝሬ እጽፋለሁ፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። በእኛ አቆጣጠር፣ በቁጥር። ሰዓት የማያይ ሰው ከሆነ ቀኑን በምን እንደሚከፍል እጠይቀዋለሁ። ጅማ ላይ አዛን ከየአቅጣጫው ስለሚሰማ "ከሱብሂ በኋላ፣ ከዙሁር በኋላ፣ ከኢሻ በኋላ ሲተኙ" ስል የሚገባቸው ብዙዎች ናቸው። አማርኛ የማይቀናውን በአፋን ኦሮሞ አስረዳለሁ፤ ማንበብ ለማይችል ፀሐይና ጨረቃ እስላለሁ። የሌብል ማተሚያ ማሽን ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ጽሑፉ ጥርት ይላል፤ ግን ማሽኑም "1×3" የሚያትም ከሆነ ምንም አልተለወጠም።

ጾምንም አይርሱ። "ከምግብ በኋላ" ተብሎ የተጻፈለት ጿሚ እስከ 9 ሰዓት ካልበላ የጠዋቱን ኪኒን ይዘለዋል። በረመዳን በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር ሊሄድ ይችላል፤ ሦስቴ የሚወሰደው ግን አይገጥምም። እንዲህ ሲሆን ታማሚው በራሱ ከመቀነሱ በፊት ያዘዘውን ሐኪም እኛው እንጠይቅ።

እዚያው ፓኬት ላይ የመድኃኒቱ አገልግሎት የሚያበቃበትን ጊዜ በእኛ ዘመን ይጻፉ። አምራቾች የሚያትሙት በፈረንጅ ነው። 08/2024 የሚለው በእኛ ነሐሴ 2016 ነው፤ 2017 ላይ ሆኖ ያነበበው ሰው ግን ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ላለው 8 ይቀንሱ፤ ከመስከረም 1 በኋላ እስከ ዲሴምበር ላለው 7። ይህን ትንሽ ስሌት ባለመሥራታችን ስንት ቤት ውስጥ ያለፈበት መድኃኒት በክብር ተቀምጧል።

የሕፃናት የዱቄት ሽሮፕ ከሆነ እናትየዋ ፊት እዚያው ይበጥብጡት። ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ ዱቄቱን ማላቀቅ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ግማሽ፣ መናጥ፣ አረፋው ሲወርድ እስከ ምልክቱ መሙላት። "ቤት ወስደሽ በጥብጪው" ያልኳት አንዲት እናት እስከ አንገቱ ውሃ ሞልታው መጥታለች፤ ልጇ ሁለት ቀን የቀጠነ መድኃኒት ጠጣ። የቤት ማንኪያ ልኩ የተለያየ ስለሆነ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይስጡ፣ የሚሊ ሊትሩ መስመር ላይም በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። የተበጠበጠበትን ቀንና የሚደፋበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ፤ ለስንት ቀን እንደሚቆይ የአምራቹ መመሪያ ላይ አለ።

ከመስጠትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀራል። "ገባዎት?" አይበሉ፤ ሁሉም ሰው "አዎ" ነው የሚለው። "እትዬ፣ ቤት ሲደርሱ እንዴት ነው የሚሰጡት? እስቲ ይንገሩኝ" ይበሉ። ደግመው ሲናገሩ የሳቱትን እዚያው ይሰሙታል። ሰው ሲበዛ ይህን መዝለል ያምራል፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት ነው ይበልጥ የምጠነቀቀው፣ የሚሳሳቱትም የሚቸኩሉት ስለሆኑ።

መጨረሻ ላይ በመዝገብ ያስፍሩ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምር ሰው ከሆነ ፈቃዱን ጠይቀው ስልኩን ይያዙና በሦስተኛው ቀን ይደውሉ። እኔ የምደውለው ከምሳ በኋላ ነው፣ ፋርማሲው ጭር የሚልበት ሰዓት ስለሆነ።