ስለ ነርቭ ደጋፊ ሕዋሳትና ስለ ዘር ውርስ ደጋግመን የምንስታቸው ነገሮች

ግሊያ የሚባሉትን የነርቭ ደጋፊ ሕዋሳት እንደ ቦታ መሙያ ማየት የመጀመሪያው ስህተት ነው። አስትሮሳይት የተባሉትን ብቻ እንይ። የነርቭ ሕዋሳት በሚገናኙበት ቦታ የተረፈውን ግሉታሜት (መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል) ይሰበስባሉ፤ የተጠራቀመውን ፖታሲየምም ያነሳሉ። ግሉታሜቱ ሳይሰበሰብ ከቀረ የነርቭ ሕዋሱን እስከ መግደል ይደርሳል።

ቁጥራቸውም በስህተት ይነገራል። «ከነርቭ ሕዋሳት በ10 እጥፍ ይበዛሉ» የሚለው ዛሬም ይጻፋል። በ2009 የታተመ ቆጠራ ግን በሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋሳትና 85 ቢሊዮን ገደማ ሌሎች ሕዋሳት አግኝቷል። እኩል ለእኩል ናቸው ማለት ይቀላል።

ሹዋን ሕዋስና ኦሊጎደንድሮሳይት የተባሉትን ሁለት የግሊያ ዓይነቶች ማምታታትም የተለመደ ነው። ሁለቱም ማየሊን የተባለውን የነርቭ ክር መሸፈኛ ይሠራሉ። ሹዋን ያለው ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ውጪ ነው፤ አንዱ ሕዋስ የሚጠቀልለው የአንድ አክሶን (የነርቭ ሕዋስ ረጅም ክር) አንድ ክፍል ብቻ ነው። ኦሊጎደንድሮሳይት በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ሆኖ ብዙ አክሶኖችን በአንዴ ይይዛል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው ሕመም የሚያጠቃው የዚህኛውን ማየሊን ነው።

ወደ ውርስ እንምጣ። «ዶሚናንት» ሲባል «በብዛት የሚታይ» ብሎ መረዳት ብዙዎችን ያሳስታል። ከአባትና ከእናት ከሚወረሱት ሁለት የጂን ቅጂዎች አንዱ ብቻ ሲበቃ ዶሚናንት፣ ሁለቱም ሲያስፈልጉ ሪሴሲቭ ይባላል። አንጎልን የሚጎዳው የሀንቲንግተን ሕመም ዶሚናንት ነው፤ ግን ብርቅ ነው። የኦ የደም ዓይነት ሪሴሲቭ ነው፤ ግን በዓለም በጣም ከተለመዱት አንዱ ነው።

ከሁሉ በላይ ቤተሰብን የሚጎዳው የዕድል ስሌት ስህተት ይመስለኛል። አባትም እናትም የአንድ ሪሴሲቭ ሕመም ተሸካሚ (አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው ራሳቸው የማይታመሙ) ከሆኑ፣ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። «አንዱ ከታመመ ቀሪዎቹ ሦስቱ ይድናሉ» ማለት አይደለም። ለሚቀጥለውም ልጅ ያው 25 በመቶ ነው። ጤነኛ ሆኖ ያደገው ወንድምስ? ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ሳይሆን ከሦስት ሁለት እጅ ነው። ጤነኛ መሆኑ ከታወቀ፣ ከአራቱ ዕድሎች የመታመሙ አንዱ ወጥቷል። ከቀሩት ሦስት ውስጥ ሁለቱ ተሸካሚ የሚያደርጉ ናቸው።

«በቤተሰባችን ማንም ስለሌለበት የዘር ሊሆን አይችልም» የሚለውንም ተጠንቀቁ። ኒውሮፋይብሮማቶሲስ 1 የተባለው የዘር ሕመም ጥሩ ማሳያ ነው፤ የጀመርንባቸው ሕዋሳትም እዚህ አሉበት። መነሻው በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ጂን ሲበላሽ ነው። በሕመሙ ነርቭ ላይ የሚያድጉት እባጮች የሚነሱት ከሹዋን ሕዋሳት ነው። ዶሚናንት ስለሆነ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይበቃል። ነገር ግን ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ ሕመሙ ያለበት ወላጅ የላቸውም፤ ለውጡ በነሱ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ልጃቸው የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ይሆናል። የወላጁን አይቶ የልጁን መገመትም አያስኬድም። በወላጁ ቆዳ ላይ ጠቃጠቆ ብቻ ያሳየው ያው የጂን ለውጥ፣ በልጁ ላይ ከባድ እባጭ ሊያመጣ ይችላል።