ፎርም ላይ ያለ አይዲ ኮንትሮለር ጋ እስኪደርስ የምንሰራቸው ስህተቶች

ኤዲት ፔጅ ሰርታችሁ ሴቭ ስትሉት ወይ አዲስ ሪከርድ ፈጥሮ ቁጭ ይላል፣ ወይ ደሞ ኮንትሮለሩ (ፎርሙ የላከውን ተቀብሎ ሚያስተናግደው የሰርቨር ኮድ) አይዲው (የሪከርዱ መለያ ቁጥር) ዜሮ ነው ብሎ «ሪከርዱ አልተገኘም» ይላችኋል። ይሄ ያልገጠመው ዌብ ዴቨሎፐር ያለ አይመስለኝም። ሪከርዱ ዳታቤዝ ውስጥ አለ፣ ፎርሙ ላይም ይታያል፣ መሀል መንገድ ላይ ግን አይዲው ይጠፋል። ከዚህ የባሰ ሌላ ዓይነትም አለ፣ አይዲው በደንብ ይደርሳል ግን የሌላ ሰው ሪከርድ አይዲ ነው፣ ኮዱም ምንም ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። የመጀመሪያው ስራ ስለሚያስቆም ቶሎ ይታወቃል፣ ሁለተኛው ግን ሁሉም ነገር እየሰራ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፣ እኔም ይሄን ልጽፍ የተነሳሁት በዋናነት ለሱ ነው። ግን ከቀላሉ እንጀምር።

ኔም የሌለው ኢንፑት

ኤችቲኤምኤል ላይ ኢንፑት ራሱ አይዲ ሚባል አትሪቢዩት ስላለው ብዙ ጀማሪ እሱን ሞልቶ ጨረስኩ ይላል። ያ አይዲ ግን ለሲኤስኤስ፣ ለጃቫስክሪፕትና ለሌብል ነው ሚጠቅመው፣ ፎርሙ ሰብሚት ሲደረግ ወደ ሰርቨር ሚሄደው ኔሙ እና ቫልዩው ብቻ ነው። ኔም ከሌለው ብራውዘሩ አይልከውም፣ ኤረርም አይሰጥም። ዲሴብልድ የተደረገ ፊልድም እንደዛው ነው፣ ተጠቃሚው የሪከርዱን ቁጥር እንዳይነካው ብለን ዲሴብልድ እናደርገዋለን፣ ከዛ ሰርቨር ላይ ባዶ ይሆንብናል። ሪድኦንሊ ከሆነ ግን ይላካል፣ ወይም ለማሳየት አንዱን ለመላክ ሌላ ሂደን ኢንፑት (ፔጁ ላይ ማይታይ ግን ሚላክ ፊልድ) ማድረግ ነው። (ሪድኦንሊ ማለት ማንም አይቀይረውም ማለት እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ያዙልኝ።)

ስሙ ሳይገጥም ሲቀር

ፎርሙ ላይ «ስቱደንት አይዲ» ብላችሁ ልካችሁ ኮንትሮለሩ «አይዲ» ብሎ ሚጠብቅ ከሆነ አይገናኙም። የማይክሮሶፍት የዌብ ፍሬምወርክ የሆነው አሮጌው ኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ ላይ ፓራሜትሩ ተራ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ከሆነና ምንም ካልመጣለት ኤክሴፕሽን ይወረውር ነበር፣ አዲሱ ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ላይ ግን ዝም ብሎ ዜሮ ያደርገዋል፣ እውነት ለመናገር የድሮው ጩኸት ይሻል ነበር። አሁን ሪከርድ ዜሮን ፍለጋ ሄዶ ነው ሚከሽፈው፣ ወይ ደሞ «አይዲው ዜሮ ከሆነ አዲስ ነው» ሚል ኮድ ካለ ኤዲት የነበረው ኢንሰርት ሆኖ ቁጭ ይላል። እንዲህ ሲገጥማችሁ ኮዱን ደጋግማችሁ ከማንበባችሁ በፊት ብራውዘሩ ላይ ዴቨሎፐር ቱልስ ከፍታችሁ ኔትወርክ ሚለው ውስጥ ፔይሎዱን እዩት። አይዲው እዛ ከሌለ ችግሩ ፎርሙ ላይ ነው፣ እዛ ካለ ኮንትሮለሩ ላይ ነው፣ ግማሽ ቀን ሚፈጀውን ፍለጋ ሁለት ደቂቃ ያደርገዋል።

እዚሁ ላይ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር አለ። አንድ ስም ሁለት ቦታ ሲኖር ማን ያሸንፋል? ኤኤስፒ ዶት ኔት ላይ ሞዴል ባይንደሩ (የመጣውን ዋጋ ፓራሜትሩ ላይ ሚሞላው ክፍል) መጀመሪያ ሚያየው ፎርሙን ነው፣ ቀጥሎ ራውቱን (የአድራሻውን መንገድ)፣ ከዛ ኩዌሪ ስትሪንጉን (አድራሻው ላይ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን)። ስለዚህ አድራሻው ላይ 5 ተጽፎ ፎርሙ ውስጥ ደሞ በዛው ስም 9 ቢላክ ኮንትሮለሩ ሚያገኘው 9ን ነው። አሁን አስቡት፣ ፈቃድ ቼክ ሚያደርገው ኮድ 5ን ከአድራሻው አንብቦ «ይሄ የሱ ነው፣ ይለፍ» አለ፣ አፕዴት ሚያደርገው ኮድ ደሞ 9ን ይዞ ሄደ። ሁለቱም ኮድ ለየብቻው ሲታይ ትክክል ነው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ትልቅ ቀዳዳ ነው። አይዲውን ከአንድ ቦታ ብቻ ውሰዱ፣ ሁለት ቦታ መኖሩ ግድ ከሆነ እኩል መሆናቸውን አይታችሁ ካልሆኑ ሪኩዌስቱን መልሱት።

ቴብል ውስጥ ያለ የዲሊት በተን

ሊስት ታሳያላችሁ፣ ሎፕ አድርጋችሁ በየረድፉ አንድ ሂደን አይዲና አንድ የዲሊት በተን ታስቀምጣላችሁ፣ ሁሉንም ግን ያቀፈው አንድ ትልቅ ፎርም ነው። ከዛ ሶስተኛውን ረድፍ ዲሊት ስትሉ መጨረሻው ይጠፋል፣ አንደኛውን ስትሉም መጨረሻው ይጠፋል። ምክንያቱ ብራውዘሩ የሁሉንም ረድፍ ሂደን ፊልድ በአንድ ስም ደርድሮ ነው ሚልከው፣ ፒኤችፒ ደሞ ስሙ ላይ ስኩዌር ብራኬት ከሌለ የመጨረሻውን ብቻ ያስቀራል። ቀላሉ መፍትሄ ሂደኑን አጥፍቶ አይዲውን በተኑ ራሱ ላይ ማድረግ ነው፣ ኔምና ቫልዩ ስጡት፣ ምክንያቱም ከሰብሚት በተኖች መሀል ሚላከው የተጫነው ብቻ ነው። ወይም ለየረድፉ የራሱ ትንሽ ፎርም፣ ግን ፎርሙ ሙሉ በሙሉ ቲዲው (የቴብሉ ሴል) ውስጥ ይሁን፣ በቴብሉና በቲአሩ (በረድፉ) መሀል ፎርም ማስገባት ኤችቲኤምኤል አይፈቅድም፣ ፎርም ውስጥ ፎርም ማስገባትም አይቻልም፣ ብራውዘሩ የውስጠኛውን እንዳላየ ነው ሚያልፈው።

ቼክቦክስ ደሞ የራሱ ጣጣ አለው። 10 ሰው የተዘረዘረበት የአቴንዳንስ ፎርም አለ እንበል፣ በየረድፉ ሂደን አይዲና «ተገኝቷል» ሚል ቼክቦክስ፣ ሁለቱም ስማቸው መጨረሻ ላይ ብራኬት ስላለ አሬይ ሆነው ይመጣሉ። 4ኛውን፣ 7ኛውንና 9ኛውን ቲክ አድርጋችሁ ስትልኩ ሰርቨሩ ጋ 10 አይዲ ይደርሳል፣ ከቼክቦክሱ ግን 3 ብቻ፣ ምክንያቱም ቲክ ያልተደረገ ቼክቦክስ አይላክም። ኮዱ ሁለቱን አሬይ በተራ ቁጥር ካጣመረ 1ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው ሰው ተገኝተዋል ብሎ ይመዘግባል፣ በትክክል የተገኙት ሶስቱ ደሞ ቀሪ ይሆናሉ። ኤረር የለም፣ ቁጥሩም 3 ስለሆነ ድምሩን ሚያይ ሰው እንኳ አይነቃም። መፍትሄው አይዲውን የቼክቦክሱ ቫልዩ ማድረግ ነው፣ ያኔ ሚመጣው አሬይ በቀጥታ የተገኙት ሰዎች አይዲ ይሆናል። በየረድፉ ሌላም ፊልድ ካለ አይዲውን ስሙ ላይ ያለው ብራኬት ውስጥ አስገቡት፣ እያንዳንዱ ዋጋ የማን እንደሆነ ራሱ ይዞ ይመጣል።

አይዲውን ሴሽን ውስጥ መደበቅ

«ፎርም ላይ ካስቀመጥኩት ሰው ይቀይረዋል፣ ስለዚህ ኤዲት ፔጁ ሲከፈት አይዲውን ሴሽን ውስጥ ላድርገውና ሴቭ ሲል ከዛ ላንብበው» ሚል ሀሳብ ብልህ ይመስላል (ሴሽን ሰርቨሩ ስለ አንድ ተጠቃሚ ሚያስታውሰውን ሚያስቀምጥበት ቦታ ነው)። እኔ ይሄን ያየሁት የታካሚ መመዝገቢያ ሲስተም ላይ ነው። መዝጋቢዋ የአንድ ታካሚ ፋይል ከፍታ እየሞላች ሌላ ሰው ይመጣባታል፣ እሱን በሌላ ታብ ትከፍትለታለች፣ ጉዳዩን አይታ ትሸኘውና ወደ መጀመሪያው ታብ ተመልሳ ጨርሳ ሴቭ ትላለች። ስክሪኑ ላይ ያለው ስም የመጀመሪያው ታካሚ ነው፣ ሴሽኑ ውስጥ ያለው አይዲ ግን የሁለተኛው፣ ስለዚህ የአንዱ መረጃ የሌላው ላይ ተጻፈ። ሎግ ላይ ምንም ኤረር አልነበረም፣ ሴቷም ምንም አላጠፋችም፣ እኛ ግን መጀመሪያ «ተሳስተሽ ሞልተሽ ይሆናል» ነበር ያልናት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሴሽን ለሁሉም ታብ አንድ ነው። ማን ሎግኢን እንዳደረገ ሴሽን ያስታውስ፣ የትኛው ሪከርድ እየተሞላ እንደሆነ ግን ፎርሙ ራሱ ወይ አድራሻው ይዞ ይምጣ።

ቫሊዴሽን ሲከሽፍ አይዲው ሲጠፋ

ቫሊዴሽን (የተሞላው ትክክል መሆኑን ማጣራት) ከሽፎ ፎርሙ ተመልሶ ሲመጣ አይዲውን መልሳችሁ ካልሞላችሁት ሁለተኛው ሰብሚት ባዶ ይሄዳል፣ ይሄን ቶሎ ታገኙታላችሁ። ትንሽ ሚያደናግረው ኤኤስፒ ዶት ኔት ላይ ያለው ነው፣ አዲስ ሪከርድ ሴቭ አድርጋችሁ ዳታቤዙ አይዲ 57 ሰጠው፣ ያንኑ ቪው ግን ሪዳይሬክት ሳታደርጉ መለሳችሁት፣ ሂደን ፊልዱ ላይ ግን አሁንም 0 ነው። ፊልዱን ሚጽፈው ሄልፐር ከሞዴሉ (ከሪከርዱ ራሱ) በፊት ሞዴል ስቴትን (ፎርሙ የላከው ሚቀመጥበትን) ስለሚያይ ፎርሙ ይዞት የመጣውን ዜሮ ነው መልሶ ሚጽፈው። ተጠቃሚው አንዴ ደግሞ ሴቭ ሲል ሁለተኛ ሪከርድ ይፈጠራል። ሴቭ ከተሳካ በኋላ ሪዳይሬክት ማድረግ ይሄንንም፣ ሪፍሬሽ ሲደረግ ሚመጣውን ድግግሞሽም ይፈታል።

ቁጥር የመሰለ ነገር ሁሉ ቁጥር አይደለም

ከፎርም ሚመጣ ነገር ሁሉ ስትሪንግ ነው። ፒኤችፒ ላይ 57 ብሎ ፊደል ያስከተለን ስትሪንግ ወደ ኢንት ካስት ብታደርጉት (ብትቀይሩት) ዝም ብሎ 57 ይሆናል፣ ባዶው ደሞ 0፣ ስለዚህ ካስት ማድረግና ቫሊዴት ማድረግ አንድ አይደሉም። ስትሪንጉን ኤስኪውኤል ውስጥ መቀጠልማ በጭራሽ፣ ፕሪፔርድ ስቴትመንት (ትዕዛዙና ዋጋው ለየብቻ ሚሰጡበት መንገድ) ተጠቀሙ። ትልልቅ አይዲ ምትጠቀሙ ከሆነ ደሞ ጃቫስክሪፕት በትክክል ሚይዘው ኢንቲጀር እስከ 9007199254740991 ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ከሆነ በጄሰን (በዳታ መላላኪያ ፎርማቱ) ሲያልፍ መጨረሻው ዲጂት ሊቀየርና የሌላ ሪከርድ አይዲ ሊሆን ይችላል። ስትሪንግ አድርጋችሁ ላኩት።

ሂደን ፊልድን ማመን

አሁን ወደ ዋናው። ሂደን ማለት ከዓይን የተደበቀ ማለት ነው፣ ከእጅ የተደበቀ ማለት አይደለም። ራይት ክሊክ፣ ኢንስፔክት፣ 57ን 58 ማድረግ፣ ሰብሚት፣ በቃ። አድራሻው ላይ ያለ ቁጥርማ ኢንስፔክትም አያስፈልገውም። ከብራውዘር ሚመጣ አይዲ «ይሄን ሪከርድ ፈልጌ ነበር» ሚል ጥያቄ ነው፣ የኔ ነው ሚል ማስረጃ አይደለም።

ይሄ የጀማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። 2019 ላይ ፈርስት አሜሪካን ፋይናንሻል ሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ድረገጽ ላይ አድራሻው ውስጥ ያለውን ቁጥር በመቀየር ብቻ የሌላ ሰው ዶክመንት ማየት ይቻል ነበር፣ ተጋልጦ የነበረው ወደ 885 ሚሊየን ፋይል ነው ተብሎ ተዘግቧል። 2012 ላይ ደሞ ጊትሀብ (ኮድ ማስቀመጫ ድረገጽ) ላይ አንድ ፕሮግራመር የኤስኤስኤች ቁልፍ (ኮድ ለማስገባት መግቢያ ሚሆን) መመዝገቢያው ፎርም ላይ ያልነበረ የተጠቃሚ አይዲ ጨምሮ ላከ፣ ሲስተሙም ፎርሙ ያመጣውን ሁሉ ስለሚሞላ ቁልፉን ለሌላ ሰው አካውንት መዘገበለት፣ በዛም ሬይልስ ሚባለው የዌብ ፍሬምወርክ ፕሮጀክት ውስጥ ኮድ ማስገባት ቻለ። ከዛ በኋላ በ2013 የወጣው ሬይልስ 4 የትኞቹ ፊልዶች እንደሚፈቀዱ አንድ በአንድ ካልጠቀሳችሁ አላልፍም አለ። የዌብ ደህንነት ላይ ሚሰራው ኦዋስፕም በ2021 የአደጋዎች ዝርዝሩ የተሰበረ የፈቃድ ቁጥጥርን 1ኛ ላይ ነው ያስቀመጠው።

ታድያ ምን ይደረግ? ሪከርዱን በአይዲ ብቻ አትፈልጉት። «አይዲው 58 የሆነውን አምጣ» ሳይሆን «አይዲው 58 የሆነውንና ባለቤቱ አሁን ሎግኢን ያደረገው ሰው የሆነውን አምጣ» በሉት፣ ካልተገኘ 404 («አልተገኘም») መልሱ፣ ያኔ ሰውየው ሪከርዱ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ደሞ ከፎርም አትቀበሉ፣ የተጠቃሚውን አይዲ ሂደን ፊልድ አድርጎ መላክ ምንም ምክንያት የለውም፣ ሰርቨሩ ከሴሽኑ ያውቀዋል።

ጥንቁቅ ሰዎች እንኳ ሚረሱት ድሮፕዳውኑን ነው። ትዕዛዙ የሱ መሆኑን አረጋገጣችሁ፣ ጥሩ፣ ግን ፎርሙ ላይ «ሚላክበት አድራሻ» ሚል ሰሌክት አለ፣ የሱ ሶስት አድራሻዎች ብቻ ናቸው ሚታዩት፣ ቫልዩው ግን የአድራሻው አይዲ ነው። ያንን ቀይሮ የሌላ ሰው አድራሻ አይዲ ቢልክስ? ትዕዛዙ ሴቭ ይሆንና ቀጣዩ ፔጅ ላይ የማያውቀው ሰው ሙሉ አድራሻ ይታየዋል። ፎርሙ ይዞት ሚመጣ እያንዳንዱ አይዲ፣ የዋናው ሪከርድም ሆነ ከሱ ጋር ሚያያዘው፣ ለየብቻው መጣራት አለበት።

አይዲውን ዩዩአይዲ (ረጅም፣ ተከታታይ ያልሆነ መለያ) ካደረግነውስ ሚል ሰው አይጠፋም። በዘፈቀደ (ራንደም) የተፈጠረ ከሆነ ገምቶ ማግኘት አይቻልም ማለት ይቻላል፣ እውነት ነው፣ ተከታታይ ቁጥር ከመጠቀም ይሻላል፣ እኔም እጠቀመዋለሁ። ግን አይዲ ሚስጥር ሆኖ አይቆይም፣ ብራውዘር ሂስትሪ ውስጥ ይቀራል፣ ሎግ ውስጥ ይገባል፣ ሰዎች ሊንኩን ኮፒ አድርገው ይላላካሉ። ስለዚህ ከቼኩ ጋር እንጂ በቼኩ ምትክ አይሆንም።

በጌት ዲሊት ማድረግ

አጭር ነው፣ ሊንክ ሲከፈት ሚላከው ጌት ነው፣ ስለዚህ አይዲ ያለበት ተራ ሊንክ ሪከርድ ማጥፋት የለበትም። 2005 ላይ ጉግል ዌብ አክሰለሬተር ሚባል ፔጅ ሚያፈጥን ፕሮግራም አወጣ፣ ሊንኮችን ቀድሞ ይከፍት ስለነበር ሎግኢን ያደረጉ ሰዎች ፔጅ ላይ ያለውን የዲሊት ሊንክም እየከፈተ ዳታ አጠፋባቸው። ፖስት አድርጉት፣ የሲኤስአርኤፍ ቶክን (ጥያቄው ከራሳችሁ ፎርም መምጣቱን ማረጋገጫ) ጨምሩበት።

የሰራችሁት ሲስተም ላይ ይሄ ቀዳዳ መኖሩን ለማየት ሁለት አካውንት ክፈቱ፣ አንዱን በተለመደው ብራውዘር ሌላውን በኢንኮግኒቶ። በመጀመሪያው አንድ ሪከርድ ፍጠሩና አይዲውን ያዙ፣ በሁለተኛው የራሱን ኤዲት ፔጅ ከፍታችሁ አይዲውን በዛኛው ተኩና ሴቭ በሉ። 404 ካልመጣ ያንን አክሽን ዛሬውኑ አስተካክሉት፣ ከዛ ይሄንኑ ሙከራ አውቶሜትድ ቴስት አድርጋችሁ ለቪው፣ ለኤዲት፣ ለፒዲኤፍ ማውረጃው ሁሉ ጻፉለት። ዲሊቱን እንዳትዘሉት፣ ኤዲት ላይ በደንብ ተጣርቶ ዲሊት ላይ የተረሳ ኮድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።