የውጤት ፋይል ስም ከምንጩ ፋይል ስም ሲወጣ

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ጋቢዬን ተከናንቤ የዝናብ መረጃ እያጸዳሁ ነበር። ለአንድ ወረዳ አንድ የሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ ሠንጠረዥ) ፋይል ነው። የፓይተን ስክሪፕቴ አዲሱን ስም የሚያወጣው በሪፕሌስ፣ ማለትም ጽሑፍ ፈልጎ በሚተካው ትእዛዝ ነበር፤ «.ሲኤስቪ»ን ፈልጎ በ«_የጸዳ.ሲኤስቪ» ይተካል። የሞላሌው ፋይል እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። የዚያኛው ቅጥያ (ከነጥቡ በኋላ ያለችው) በካፒታል ሌተር ነበር የተጻፈው ለካ። ሪፕሌስ የሚተካው ነገር ሲያጣ ኤረር አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ያንኑ ስም ይመልስልሃል፣ እና የውጤቱ ስም ከምንጩ ጋር አንድ ሆነና ዋናው ፋይል ላይ ጻፈበት። ባክአፕ የለም። ፋይሉን ለላከልኝ ሰው ደውዬ «ይቅርታ፣ እንደገና ላክልኝ» አልኩ፣ ያውም በበዓል ዋዜማ።

እና የፋይል ስምን እንደ ተራ ጽሑፍ አትቁረጠው። ፓይተን ከ3.4 ጀምሮ ፓዝሊብ የሚባል አብሮት የሚመጣ ላይብረሪ አለው፣ ስሙን ራሱ ይበታትንልሃል። ፓረንት ፋይሉ ያለበት ፎልደር ነው፣ ስቴም ቅጥያው የሌለበት ስም፣ ሰፊክስ ደግሞ ከነነጥቡ ቅጥያው። ከዚያ መልሰህ ትገጣጥመዋለህ («ምንጭ» ዋናው ፋይል፣ «ማውጫ» ውጤቱ የሚገባበት ፎልደር ነው፣ ሁለቱም የፓዝሊብ ፓዝ ይሁኑ)፦

ውጤት = ማውጫ / (ምንጭ.ስቴም + "_የጸዳ" + ምንጭ.ሰፊክስ)

ስቴምና ሰፊክስን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፋቸው እንጂ «ውጤት» እና «ምንጭ» በግዕዝ ፊደል ቢሆኑም ፓይተን 3 ይቀበላል።

«ማውጫ» የተለየ ፎልደር ይሁን። ምንጩ ያለበት ቦታ ካስቀመጥክ ስክሪፕቱን ሁለተኛ ስታስነሳው የራሱን ውጤት እንደ ምንጭ ያነብና «አንኮበር_የጸዳ_የጸዳ» ይወልድልሃል። ሰፊክስ የመጨረሻዋን ነጥብ ብቻ እንደሚያይም አትርሳ፣ «.ታር.ጂዚ» ላይ የሚሰጥህ «.ጂዚ»ን ነው።

ቅጥያ የምትቀይር ከሆነ ደግሞ አንኮበር.ሲኤስቪ እና አንኮበር.ቲኤክስቲ ሁለቱም አንኮበር.ጄሰን ላይ ይጋጫሉ። ፋይሉን ያለውን አጥፍቶ በሚጽፈው በ«ደብልዩ» ሳይሆን በ«ኤክስ» ሞድ ክፈተው፤ ፋይሉ ካለ አልከፍትም ብሎ ይቆማል።

የኛ አገር ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ስሙን ከፋይሉ ውስጥ ካለ ዓምድ የምትወስድ ከሆነ «ደ/ብርሃን» ይመጣብሃል። ያቺ እዝባር (/) ለኮምፒውተሩ የፎልደር መለያ ናት፣ «ደ» የሚባል ፎልደር ፍለጋ ይሄድና ያጣል። በቀን ላይ ያለችውም እንደዚያው። ከመገጣጠምህ በፊት በሰረዝ ተካት። መሐል ሜዳና መሀል ሜዳም ላንተ አንድ ከተማ ናቸው፣ ለኮዱ ግን ሁለት ፋይል፤ አንዱን ፊደል መርጠህ ሌላውን ወደሱ መልስ። ርዝመቱንም ተመልከት፦ ሊኑክስ ላይ በተለመዱት የፋይል ሲስተሞች አንድ ስም ከ255 ባይት አያልፍም፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል።

ዋናውን ሥራ ከማስነሳትህ በፊት ምንም ሳትጽፍ የምንጩንና የውጤቱን ስም ጎን ለጎን ፕሪንት አድርግ። እኔ ይቺን አድርጌ ቢሆን ሞላሌ ግራም ቀኝም አንድ ዓይነት ስም ይዛ ትታየኝ ነበር።