የኩላሊትና የሆርሞን ተመራማሪን ሥራ በጥቅስ ብዛት ሲመዝኑ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የኩላሊትና የሆርሞን ፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ለማዕረግ ዕድገትም ሆነ ለምርምር ገንዘብ ሲወዳደር፣ ገምጋሚዎች አስቀድመው የሚያዩት ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመና ጽሑፎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ነው። ቁጥሩ ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም፤ አነባበቡን ካላወቁበት ግን ትልቁን ሥራ ያሳንሳል፣ ትንሹንም ያገዝፋል።

የመጀመሪያው ስህተት በኤች ኢንዴክስ ብቻ መፍረድ ነው። ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ሲሆን፣ አንድ ሰው ኢንዴክሱ 4 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። አምስት ጽሑፎቿ 50፣ 12፣ 6፣ 4 እና 1 ጊዜ የተጠቀሱላት ተመራማሪ ኢንዴክሷ 4 ነው። 900፣ 4፣ 4፣ 4 እና 0 ጊዜ የተጠቀሱለትም ኢንዴክሱ ያው 4 ነው። ዘርፉን የቀየረው ባለ900 ጽሑፍ በዚህ ቁጥር ውስጥ 4 ጊዜ ከተጠቀሰው አይለይም። በዚያ ላይ ኢንዴክሱ ከጊዜ ጋር ያድጋል እንጂ አይቀንስምና፣ ጀማሪን ከአንጋፋ ጋር በእርሱ ማወዳደር ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛው የጆርናሉን ክብር ለጽሑፉ መስጠት ነው። ኢምፓክት ፋክተር አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ያሳያል፤ አማካዩን ከፍ የሚያደርጉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ጽሑፎች ናቸው።

ሦስተኛው መሣሪያን ከግኝት ጋር ማምታታት ነው። ኮክሮፍትና ጎልት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976፣ ከ249 ሕሙማን በተገኘ መረጃ፣ ዕድሜን፣ ክብደትንና በደም ውስጥ ያለውን የክሬአቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው የጡንቻ ቆሻሻ) መጠን ይዞ የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚገምት ቀመር አወጡ። ሐኪሞች የመድኃኒት መጠን ሲወስኑ እስከ ዛሬ ስለሚሠሩበት ጽሑፉ እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ይህ የአገልግሎት ልክ ነው። አንዲት ቀጭን የኩላሊት ቱቦ ሶዲየምን እንዴት መልሳ እንደምትወስድ ለማወቅ ዓመታት የደከመ ተመራማሪ፣ የሚያነቡት ጥቂት ባልደረቦች ብቻ ስለሆኑ፣ ከዚህ ቀመር ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይችልም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጊዜን መርሳት ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1898 ሮበርት ቲገርስቴትና ተማሪው ፐር በርግማን፣ በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ተቋም፣ የጥንቸል ኩላሊት ፈጭተው ያወጡትን ጭማቂ በሌሎች ጥንቸሎች ደም ሥር ሲያስገቡ የደም ግፊታቸው ከፍ አለ። ንጥረ ነገሩን ሬኒን አሉት። ግኝቱ ግን ለአሥርት ዓመታት ብዙም ተከታይ ሳያገኝ ቆየ። ሃሪ ጎልድብላት እ.ኤ.አ. በ1934 የውሾችን የኩላሊት ደም ወሳጅ ቧንቧ በማጥበብ የደም ግፊት ከፍ እንደሚል ካሳየ በኋላ ነው ተመራማሪዎች ወደ ሬኒን የተመለሱት፤ ከዚያም በሬኒን አማካይነት የሚፈጠረው፣ የደም ሥርን የሚያጠብበው ሆርሞን አንጂዮቴንሲን ተገኘ፣ ውሎ አድሮም ዛሬ ሚሊዮኖች የሚውጧቸው የግፊት መድኃኒቶች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1905 ተቀምጦ የቲገርስቴትን ጥቅሶች የቆጠረ ገምጋሚ ምን ይፈርድ ነበር? የተገላቢጦሹም አለ፦ ኤሲኢ2 የተባለው ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ2000 ሲገለጽ ጉዳዩ የአንጂዮቴንሲን ፊዚዮሎጂ ነበር፤ የኮቪድ-19 ቫይረስ ወደ ሴል የሚገባበት በር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታወቅ ግን ጥቅሱ እንደ ጎርፍ መጣ። በቀደሙት ጽሑፎች ውስጥ ግን የተለወጠ አንዲት ቃል የለም።

የመጨረሻው የስም ጉዳይ ሲሆን፣ በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይጎዳል። ከስማችን ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ቢሆንም፣ የመረጃ ቋቶች እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ወስደው የራስን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥሩታል። ስለዚህ ዝምድና የሌላቸው አበበ ተስፋዬና አልማዝ ተስፋዬ በላቲን ፊደል አንድ ሰው መስለው ይመዘገባሉ። አባቱ ኃይለ ማርያም የሆነ ደግሞ፣ ስሙ አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተነጣጥሎ፣ አንዴ በሰረዝ ሲጻፍ አንዱ ሰው ሦስት ይሆናል፤ ጥቅሶቹም ይበተናሉ። ገምጋሚ ቁጥሩን ከማመኑ በፊት የጽሑፎቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ይመልከት። ተመራማሪውም ከመጀመሪያ ጽሑፉ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ይምረጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነጻ የሚሰጠውን፣ አንዱን ተመራማሪ ከሌላው የሚለየውን ባለ16 አኃዝ የኦርኪድ (ORCID) መለያም ያውጣ፤ ጽሑፍ በላከ ቁጥር ያንኑ መለያ ያስገባ።