ከአጓትና ከፍሳሽ ዝቃጭ ባዮፕላስቲክ ማውጣት

ፒኤችኤ የሚባለው ፕላስቲክ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ለክፉ ቀን በሰውነታቸው የሚያከማቹት ስንቅ ነው። አፈር ውስጥ ሲወድቅ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ስንቅ ያዦቹን ከሌሎቹ ለይቶ የሚያበዛው ረሃብ ስለሆነ፣ እዚህ ሥራ ላይ ከዕቃው ይልቅ ሰዓት ማክበሩ ይከብዳል።

ሱሉልታና ሰንዳፋ አካባቢ አጓት ከወተት አቀነባባሪዎች ይገኛል። ዝቃጩን በፈቃድ ከጋራ መኖሪያ ቤቶች ፍሳሽ ማጣሪያ፣ አየር ከሚነፋበት ገንዳ ውሰዱ። ማድረቂያ ላይ የሰነበተው አይሆንም፤ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውም ክሮሚየም ስላለው ይቅር። የወስፋት እንቁላል አይጠፋውምና ጓንትና ቦቲ ግድ ነው።

በመጀመሪያ አጓቱ ወደ አሲድ ይለወጣል። ስቡን ገፍፋችሁ 18 ሊትር አጓት፣ 36 ሊትር ውሃና 6 ሊትር ወፍራም ዝቃጭ በርሜል ውስጥ ደባልቁ። ክዳኑ ጋዝ ማስወጫ ቱቦ ይኑረው፤ በርሜሉ ደጅ ይቀመጥ፣ እሳት አይቅረበው። ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ ቁጥር) ጠዋትና ማታ እየለካችሁ በኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥ ከ5.5 እስከ 6 ያዙት። ከዚያ ከወረደ ሥራው ላክቲክ አሲድ ላይ ይቆማል፤ ወደ 7 ከወጣ ደግሞ አሲዱ ሚቴን ሆኖ ይበናል። 30 ዲግሪ ላይ 5 ቀን ይበቃል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ያዘገየዋል፤ በርሜሉን በጭድ ሸፍኑት። ሲያበቃ አዝቅጡና ከላይ ያለውን የጠራ ውሃ ብቻ ውሰዱ፤ የአሲድ ውሃ የምንለው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ስንቅ ያዦቹን ባክቴሪያዎች መምረጥ ነው። 20 ሊትር ዝቃጭ ባልዲ ውስጥ አድርጉና የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ሌት ተቀን አየር ይንፋበት። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ 2 ሊትር ቅዱና በምትኩ 1 ሊትር የአሲድ ውሃና ክሎሪኑ እንዲወጣ ያደረ 1 ሊትር የቧንቧ ውሃ ጨምሩ፤ በውሃው ውስጥ 2 ግራም ዩሪያና 1 ግራም ዳፕ ይሟሟ። ኦክስጅን መለኪያውን ተመልከቱ፦ ምግቡ እንደገባ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ምግቡ ሲያልቅ ድንገት ሽቅብ ይዘላል። ከምግቡ እስከ ዝላዩ ያለው ጥጋብ ነው፤ ከ2 ሰዓት ተኩል እንዳይበልጥ። የቀረው 9 ሰዓት ተኩል ረሃብ ነው፤ ስንቅ ያልያዘው የሚከስመው ያኔ ነው። ጥጋቡ ከረዘመ ምግቡን በግማሽ ቀንሱ። ባልዲው የሚረጋው በ3 ወይም በ4 ሳምንት ነው፤ የሚቸኩል ሰው እዚህ ላይ ያበላሻል።

የኛ ከፍታ ሌላ ጣጣ አለው። በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ ላይ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 7 ገደማ ነው። መለኪያውን በአካባቢው የአየር ግፊት ካላስተካከላችሁት ያሳስታል፤ ፓምፑም ለባሕር ጠለል ከተሠራው ስሌት ይበርታ። መብራት በረሃቡ ጊዜ ሁለት ሰዓት ቢጠፋ ብዙም አይጎዳም። በጥጋቡ ከጠፋ ግን ክር መሰል ባክቴሪያዎች ይነግሡና ዝቃጩ አልዘቅጥም ይላል። መብራት ሳይኖር አትመግቡ።

በየቀኑ የምትቀዱትን 4 ሊትር ሌላ ባልዲ ውስጥ እየነፋችሁ ያለ ዩሪያና ያለ ዳፕ አወፍሩት። ሩብ ሊትር የአሲድ ውሃ ስጡ፣ ኦክስጅኑ ሲዘል ድገሙ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ዝላዩ እየደከመ ይመጣል፤ ያኔ ጠግበዋል። በደንብ የተመረጠ ባክቴሪያ ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፕላስቲክ ይሆናል። ዝም ብላችሁ ካሳደራችሁት ግን ስንቁን መልሶ ይበላዋል፤ ስለዚህ ወዲያው በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹን 2 አድርሱና ግደሉት።

አሁን ጥንቃቄ! ቀጣዩ ዕቃ በረኪና ነው፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ገዳይ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዝቃጩን ፒኤቹ 7 እስኪሆን ደጋግማችሁ እጠቡ፣ በፒኤች መለኪያ ወረቀት ሳታረጋግጡ በረኪናውን አትክፈቱ። ከዚያ ደጅ ላይ ለ10 ግራም ደረቅ ክብደት 1 ሊትር 5 በመቶ በረኪና ጨምሩና ለ1 ሰዓት አማስሉ። ቡናማው ወደ ነጭ ይገረጣል። ከሰዓቱ ካለፈ የፕላስቲኩ ሰንሰለት ይቆራረጥና ሲደርቅ ተሰባሪ ይሆናል። ዱቄቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ጨርቅ አይዘውም፤ አሳድራችሁ አጥልሉት ወይም በሴንትሪፉጅ አውርዱት። የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ በውሃ አጥባችሁ 60 ዲግሪ ላይ አድርቁ።

ከዚህ ባልዲ በቀን 10 ግራም ካገኛችሁ መልካም ነው። ዱቄቱን በትኩስ መጭመቂያ ስታቀልጡ ሙቀቱን ከ175 ዲግሪ ብዙ አታሳልፉ፤ ከ190 በላይ ፕላስቲኩ ራሱ ይፈራርሳል።